«ፍራፍሬ ብዪ» ይሏታል፤ የቱን? ምን ያህል? እንዴት?

ነፍሰ ጡር ሴት «ሆዴ ደረቀብኝ» ስትል መልሱ ከየአቅጣጫው ይመጣላታል። እናቷም፣ ጓደኛዋም፣ የሥራ ባልደረባዋም፣ ክትትል የምታደርግላት ነርስም የሚሏት አንድ ነገር ነው። በስልኳ የሚያልፈው አጭር ቪዲዮም ያንኑ ይደግመዋል። ፍራፍሬ ብዪ። ምክሩ ልክ ነው። ጉድለቱ እዚያው ላይ መቆሙ ነው።

ሐብሐብም ፍራፍሬ ነው፤ የደረቀ ፕለምም ፍራፍሬ ነው። 100 ግራም ሐብሐብ ውስጥ ያለው ፋይበር ግማሽ ግራም እንኳን አይሞላም። በዚያው መጠን የደረቀ ፕለም ውስጥ ግን 7 ግራም ገደማ አለ። ሳምንቱን ሙሉ ሐብሐብ ስትበላ የከረመች ሴት «ፍራፍሬም ሞከርኩ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም» ብትል እውነቷን ነው። የነገሯት ነገር ሙሉ አልነበረም።

ነገሩ በአንድ መስመር ምክር የሚታለፍበት አንዱ ምክንያት ማፈር ይመስለኛል። ማቅለሽለሽን፣ ቃርን፣ የእግር እብጠትን ሰው ፊት ማውራት ይቻላል። መጸዳጃ ቤት ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ ማማጥን ግን ማን ያወራዋል? ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይታለፋል። ጥናቶች የሚያወጡት ቁጥር እንደየአለካካቸው ቢለያይም፣ ከ10 ነፍሰ ጡሮች ከ1 እስከ 4 የሚሆኑት በእርግዝናቸው ወራት የሆድ ድርቀት ያገኛቸዋል። ብርቅ ነገር አይደለም ማለት ነው።

በየቀኑ አለመውጣት ብቻውን የሆድ ድርቀት አይባልም። በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች መውጣት፣ ሰገራው ጠጥሮ እንክብል እንክብል ማለት፣ ብዙ ማማጥ፣ ከወጡ በኋላም «ገና አልጨረስኩም» የሚል ስሜት መቅረት፤ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። በሁለት ቀን አንዴ በቀላሉ የምትወጣ ሴት ምንም አልሆነችም። በየቀኑ እየወጣች በየቀኑ የምታምጠው ግን ተቸግራለች።

አንጀቱ ለምን ይዘገያል?

ብዙ ሴቶች ሲደርቅባቸው መጀመሪያ የሚወቅሱት ራሳቸውን ነው። «ምን በልቼ ነው?» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከሆርሞን ነው።

ሴት ስታረግዝ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን በብዛት ይመረታል። አንዱ ሥራው ማህፀን ያለጊዜው እንዳይኮማተር ጡንቻውን ማላላት ነው። ሆርሞኑ ግን ማህፀኑን ብቻ መርጦ አይነካም። የአንጀት ግድግዳም ከዚያው ዓይነት ጡንቻ የተሠራ ስለሆነ አብሮ ይላላል። ምግቡን ወደፊት የሚገፋው መኮማተር ይደክማል፤ ጉዞው ይረዝማል። የትልቁ አንጀት ዋና ሥራ ደግሞ ውሃ መምጠጥ ነው። ሰገራው እዚያ በቆየ ቁጥር ውሃውን እያጣ ይጠጥራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሆዷ ገና ሳይገፋ የሚደርቅባት ለዚህ ነው። በኋለኞቹ ወራት የማህፀኑ ክብደት ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ጫና ይሆናል።

በዚህ ላይ የሚደራረበው ብዙ ነው። የሚያስመልሳት ሴት ውሃም ምግብም ያንሳታል። ማስመለሱን ለማስቆም የሚታዘዘው ኦንዳንሴትሮን ራሱ ሆድ ያደርቃል። ካልሲየም ወይም አሉሚኒየም ያለባቸው የቃር መድኃኒቶችም እንዲሁ። ድካሙ እንቅስቃሴን ይቀንሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የብረት ክኒን አለ። እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ፤ የዚህ ጉዳይ ዋናው አደጋ ያለው እዚያ ጋ ነውና።

ፍራፍሬ ምን ያደርጋል?

ፍራፍሬ አንጀትን የሚረዳው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ፋይበር ነው። ፋይበር የሚባለው ትንሹ አንጀት ሊፈጨው የማይችለው የተክል ክፍል ነው። ከፊሉ ውሃ ይዞ እንደ ሙጫ ይለሰልሳል፤ የፖም ፔክቲን ለምሳሌ። ከፊሉ ደግሞ ሳይሟሟ አልፎ የሰገራውን መጠን ያበዛል። መጠኑ የጨመረ ሰገራ የአንጀቱን ግድግዳ ይወጥረዋል፤ የተወጠረ ግድግዳ ደግሞ ይገፋል። የላላው ጡንቻ የሚፈልገው ቅስቀሳ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሶርቢቶል ነው፤ በምክሩ ውስጥ ስሙ ሲነሳ ብዙም የማይሰማ። በተፈጥሮ አንዳንድ ፍራፍሬዎች ውስጥ የሚገኝ የስኳር ዘመድ ነው። ትንሹ አንጀት በደንብ ስለማይወስደው ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ ሲወርድም ውሃ ወደ ራሱ ይስባል። የደረቀውን የሚያርሰው ያ ውሃ ነው። የደረቀ ፕለም በሶርቢቶል የታወቀ ነው፤ 100 ግራሙ ውስጥ እስከ 15 ግራም ይደርሳል። ፒርም አለው፣ ከፕለም ቢያንስም። ሙዝና ብርቱካን ውስጥ ግን ከቁጥር የሚገባ የለም። እንግዲህ ሁለት ፍራፍሬዎች በፋይበር እኩል ሆነው አንዱ የሚሠራ፣ ሌላው የማይሠራ የሚመስለው አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው።

የደረቀ ፕለምን ጠጋ ብለን እንየው። 5 ፍሬ 40 ወይም 50 ግራም ይመዝናል። ውስጡ 3 ግራም ያህል ፋይበር እና 6 ወይም 7 ግራም ሶርቢቶል አለ። ማታ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል። ጠዋት ፍሬው አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ፣ ውሃው ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ውሃውን አለመድፋት ነው፤ ሶርቢቶሉ ከፊሉ እዚያ ውስጥ ገብቷል። ፍሬው ይበላል፣ ውሃው ይጠጣል፣ ቁርስ ይከተላል። ቁርስ ሆድ ውስጥ ሲገባ ትልቁ አንጀት በተፈጥሮው ይነቃል፤ ስለዚህ ሰዓቱም ተመቻችቶ ተመርጧል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት የሆድ ድርቀት ያለባቸው 40 ሰዎች ላይ የደረቀ ፕለምን ከሲሊየም ጋር አወዳድሮ ነበር። ሲሊየም በፋርማሲ የሚሸጥ የታወቀ የፋይበር ዱቄት ነው። ሁለቱም በቀን እኩል 6 ግራም ፋይበር እንዲሰጡ ተደርጎ ተመጥኗል። ፕለሙ በለጠ። ፋይበሩ እኩል ከሆነ ልዩነቱን ያመጣው በፍሬው ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ነው፤ ቀድሞ የሚጠረጠረው ሶርቢቶሉ ነው።

ኪዊም ጥሩ ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት በ79 ሰዎች ላይ ሦስት ነገር አወዳደረ፤ በቀን 2 አረንጓዴ ኪዊ፣ 100 ግራም የደረቀ ፕለም እና ሲሊየም። ሦስቱም ረድተዋል። በኪዊው ግን ቅር የተሰኙት ሰዎች አነስተኛ ነበሩ፤ የመነፋት ችግሩም ቀለል ብሎ ታይቷል። ሆዷ ቶሎ በጋዝ የሚነፋ ነፍሰ ጡር ከፕለም ይልቅ ከኪዊ ብትጀምር ይሻላታል የምለው ለዚህ ነው። ሶርቢቶል ውሃ እንደሚስብ ሁሉ ጋዝም ያበዛል። ከጎድን በታች ቦታ በጠበበበት በ8ኛው ወር ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። ፒር ከነልጣጩ መካከለኛው ፍሬ 5 ግራም ተኩል ገደማ ፋይበር አለው፤ ሶርቢቶሉም ተጨማሪ ነው። ፖም ከነልጣጩ 4 ግራም ከፍ ይላል፤ ከተላጠ ግማሹን ያህል ያጣል። ዘይቱን በ100 ግራም 5 ግራም አለው። አቮካዶ ከ6 ግራም በላይ፤ ብዙ ሰው እንደ ፍራፍሬ ባይቆጥረውም። ብርቱካን መካከለኛው 3 ግራም። ማንጎና ፓፓያ በ100 ግራም ከ2 ግራም በታች ናቸው፤ ከሚወራላቸው አንጻር ትንሽ ነው። ተምርና የደረቀ በለስ ብዙ ፋይበር አላቸው፣ ስኳራቸውም እንዲሁ ብዙ ነው።

ጭማቂው ጋ ያለው ስህተት

«ፍራፍሬ ብዪ» ስትባል ብዙዋ ሴት የምትሄደው ወደ ጭማቂ ነው። ይቀላል፣ ይጣፍጣል፣ ለሚያቅለሸልሻትም ይወርድላታል። አንድ ኩባያ የብርቱካን ጭማቂ ውስጥ ያለው ፋይበር ግን ግማሽ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ለዚያ ኩባያ 3 ብርቱካን ተጨምቋል እንበል። 9 ግራም ፋይበር ሊገኝበት የሚችለው ፍሬ ተጨምቆ ፋይበሩ ቅርጫት ውስጥ ተጣለ። የቀረው ውሃ፣ ቫይታሚን እና 20 ግራም ያህል ስኳር ነው። ውሃው ይጠቅማል፣ ይህን አልክድም። ለሆድ ድርቀት ተብሎ የተጠጣ ከሆነ ግን ዋናው ነገር ተጥሎ ነው የተጠጣው።

በመፍጫ ተፈጭቶ ሳይጣራ የሚጠጣው የተለየ ነው፤ ፋይበሩ አብሮት አለ። የፕለም እና የፒር ጭማቂም ከሌሎቹ ይለያሉ፤ ሶርቢቶል ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ሲጨመቁ አይጠፋም። ማኘክ ያስጠላት ሴት ከጭማቂ ውጪ ምርጫ ከሌላት ከሁለቱ አንዱን ብትመርጥ ጥሩ ነው።

የእርግዝና ስኳር ያለባት ሴት ግን ጭማቂውን ብትተወው ይሻላታል። ሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለው ፋይበር ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል፤ ጭማቂ ይህ ልጓም የለውም። ለእሷ ተምርና ዘቢብ በእፍኝ የሚበሉ አይደሉም። ፍራፍሬዋን በአንድ ጊዜ ከምትጨርሰው ለቀኑ ከፋፍላ፣ ከለውዝ ወይም ከእርጎ ጋር ብትበላው ይመረጣል። ልኩን ደግሞ ከምትከታተላት ባለሙያ ጋር ትወስናለች።

ሙዝ፣ ፓፓያ፣ አናናስ

ስለ ሙዝ የሚባለው እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዷ «ሙዝ ያለሰልሳል» ትላለች፣ ሌላዋ «ሙዝ ያደርቃል»። ሁለቱም የሚያወሩት ስለተለያየ ሙዝ ሊሆን ይችላል። አረንጓዴው፣ ያልበሰለው ሙዝ በቀላሉ የማይፈጭ ስታርችና አፍን የሚያሳስር ታኒን አለው፤ አንዳንድ ሰው ላይ ያደርቃል። ነጠብጣብ ያወጣው የበሰለው 3 ግራም ያህል ፋይበር ያለው ተራ ፍራፍሬ ነው። አያደርቅም፤ ተአምርም አይሠራም።

ፓፓያ ላይ ግን ፍርሃቱ መሠረት አለው፣ ግማሽ መንገድ ድረስ። ያልበሰለ ፓፓያ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ፓፓይን የሚባል ኢንዛይም እና ሌሎች ንጥረ ነገሮች አሉት። በአይጥ ማህፀን ላይ በተደረገ የላብራቶሪ ሙከራ ይህ ወተት ማህፀኑን አኮማትሯል። የበሰለው ፓፓያ ጭማቂ ግን በተመሳሳይ ሙከራ ያንን አላደረገም። ፍሬው ሲበስል ወተቱ እየጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ በደንብ የበሰለው ይበላል፤ አረንጓዴው ይቅር። «ለእርጉዝ ፓፓያ አይነካም» ብሎ መዝጋት የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው ጋር አብሮ መጣል ነው።

አናናስም «ያስወርዳል» ይባልበታል። ምክንያቱ ብሮሜሊን የሚባለው ኢንዛይም ነው። እሱ ደግሞ በብዛት ያለው ከማይበላው ግንዱና ከመሃል አንኳሩ ላይ ነው። ሰው በአንድ ቀን የሚበላው አናናስ ጽንስ እንደሚያስወርድ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ቃሯን ሊያብስባት ይችላል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ መፈራት ያለበት ያልታጠበ ፍራፍሬ ነው። በአፈር የሚመጣው ቶክሶፕላዝማ እና ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ነፍሰ ጡርን በተለየ ያሰጓታል፤ ወደ ጽንሱ ሊደርሱ ይችላሉና። ልጣጩ የማይበላውም ቢሆን ይታጠባል። ቢላዋው ልጣጩ ላይ ያለውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባልና። ተቆራርጦ ያለ ማቀዝቀዣ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ፍራፍሬ አለመብላት ነው።

ውሃ ከሌለ ከድጡ ወደ ማጡ

ፋይበር የሚሠራው ውሃ ይዞ ነው። ውሃ ካላገኘ የሚለሰልሰው ነገር ይደርቅና ራሱ እንቅፋት ይሆናል። በአንድ ቀን ተነስታ ፕለሙንም፣ ኪዊውንም፣ የፋይበር ዱቄቱንም ደራርባ፣ ውሃዋን ግን እንደ ድሮው የምትጠጣ ሴት ሆዷ ተነፍቶ የባሰ ታስራ ብትገኝ አይገርምም። ለነፍሰ ጡር የሚመከረው በቀን ከ8 እስከ 12 ኩባያ ፈሳሽ ነው። ሌሊት ለሽንት ላለመነሳት ብላ ውሃ የምትቀንስ ብዙ ናት። የምሽቱን ቀንሳ የጠዋቱንና የቀኑን ብታበዛው ሁለቱም ይታረቃሉ።

መጠኑም ቀስ እየተባለ ነው የሚጨምረው። አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አዲሱን ፋይበር እስኪለምዱት ጋዝ ያበዛሉ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ፍሬ፣ ቀጥሎ ሌላ እየተባለ ቢኬድ ይሻላል። ውጤቱም በማግስቱ አይጠበቅም፤ ቀናት ይፈልጋል። በሁለተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መተው የተለመደ ነው።

አሁን ትንሽ ሂሳብ። ለነፍሰ ጡር የሚመከረው ፋይበር በቀን 28 ግራም ገደማ ነው። አንድ ፒር ከነልጣጩ፣ 2 ኪዊ እና 5 የደረቀ ፕለም በልታለች እንበል። ሲደመር 12 ግራም ተኩል ያህል ነው። ለፍራፍሬ ይህ ብዙ ነው፤ ግን ግማሹ እንኳን አልሞላም። የቀረው ከየት ይምጣ? ከጥራጥሬ፣ ከአትክልት፣ ካልተነፋ እህል። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ብቻውን 15 ግራም ገደማ አለው። ምስር በፎቶ ላይ እንደ ኪዊ ስለማያምር ይሆናል ቪዲዮ የማይሠራለት። ፍራፍሬውን ከምስሩ ጋር ስታስቡት ግን 28ቱ ይሞላል፤ ብቻውን ከሆነ ከባድ ነው።

የብረቱ ክኒን

አሁን እመለስበታለሁ ወዳልኩት። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡሮች በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረት ከ400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ጋር እንዲወስዱ ይመክራል። የደም ማነስን ለመከላከል ነው። ብረቱ ሁሉ ግን አይመጠጥም። የተረፈው አንጀት ውስጥ ይቀራል። ከዚያ የሆድ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጥቁር ሰገራ መምጣት ይከተላል። ሰገራው መጥቆሩ ከክኒኑ ከሆነ አያስፈራም።

የሚያስፈራው ሴትየዋ ለማንም ሳትናገር ክኒኑን ስታቆም ነው። ይህ እንደሚሆን የጤና ባለሙያዎች ያውቃሉ። በየክትትሉ «ትወስጃለሽ?» ስትባል «አዎ» ትላለች፤ ክኒኑ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው። ደሟ ሲቀንስ ግን ወጪው ከሆድ ድርቀት በላይ ነው፤ ድካሙ፣ በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈሳት የመቋቋም አቅሟ፣ የሕፃኑ ክብደት። «ፍራፍሬ ብዪ» የሚለው ምክር ብቻውን ሲሆን የሚያደርሰውን ጉዳት የማየው እዚህ ላይ ነው። ፍራፍሬ በላች፣ አልረዳትም። ሌላ መንገድ እንዳለ አልተነገራትም። የቀራት ክኒኑን መጣል ነው።

መንገድ ግን አለ። የብረቱ ዓይነት ወይም መጠኑ ሊቀየር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ ላይ፣ የየቀኑን ክኒን መቋቋም ያቃታት ሴት በሳምንት አንድ ጊዜ 120 ሚሊግራም ብረት እንድትወስድ ይፈቅዳል፤ የደም ማነስ ብዙም ባልተስፋፋበት ማኅበረሰብ። ይህን የሚወስነው ባለሙያ ነው፤ እንዲወሰን ግን መጀመሪያ «ሆዴን አደረቀኝ» መባል አለበት።

እዚህ ጋ ፍራፍሬ ሌላ ሥራም ያገኛል። ብርቱካን፣ ኪዊ፣ ዘይቱን፣ እንጆሪ በቫይታሚን ሲ የበለጸጉ ናቸው። ቫይታሚን ሲ የብረትን መመጠጥ ይረዳል። ክኒኑን ከኪዊ ጋር የምትውጥ ሴት በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መታች ማለት ነው። ሻይና ቡና ግን መመጠጡን ስለሚቀንሱ ከክኒኑ ሰዓት ራቅ ቢሉ ጥሩ ነው። ካልሲየምም እንዲሁ።

ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ ነው?

ከላይ የጠቀስኳቸው የፕለምና የኪዊ ጥናቶች የተሠሩት በነፍሰ ጡሮች ላይ አይደለም። ይህ ይታወቅልኝ። ነፍሰ ጡሮችን በጥናት ማስገባት ስለሚፈራ በዚህ ርዕስ ላይ ያለው መረጃ አነስተኛ ነው። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመዝነው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ጉዳዩን ሲገመግም የሚጠቅም ቁጥር ያገኘው ከ2 ጥናቶች፣ ከ180 ሴቶች ብቻ ነበር። አንደኛው በ40 ሴቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ነው። በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ላይ ያሉ ሴቶች ለ2 ሳምንት በቀን 10 ግራም ተጨማሪ ፋይበር፣ በስንዴ ፉርሽካ ወይም በበቆሎ ብስኩት መልክ ወሰዱ። መውጣታቸው በዛ፣ ሰገራቸው ለሰለሰ። እኔ ከዚህ የምወስደው ፋይበር በእርግዝናም እንደሚሠራ፣ የትኛው ፍራፍሬ ከየትኛው እንደሚበልጥ ግን ከሌሎች ሰዎች ላይ የተወሰደ ግምት መሆኑን ነው። ፍሬው ምግብ ስለሆነ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ግምቱን ይዞ መሞከር ያዋጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ቅደም ተከተሉን እንዲሁ ነው ያስቀመጠው። መጀመሪያ አመጋገብን ማስተካከል፤ ካልሆነ ፉርሽካ ወይም ሌላ የፋይበር ማሟያ።

የመቀመጡ ነገርም አይናቅ። ሲመጣ መያዝ ሰገራውን ያደርቀዋል፤ ስብሰባው ይጠብቃል። መጸዳጃው ላይ እግርን ዝቅ ያለ ነገር ላይ አውጥቶ፣ ጉልበት ከዳሌ ከፍ ብሎ፣ ወደፊት ዘንበል ማለት መውጫውን ያቀናዋል። ማማጥ ግን ኪንታሮትን ይጠራል። በእርግዝና ደም ሥሮች ቀድሞውኑ ተወጥረዋልና ቶሎ ያብጣሉ። በእግር መሄድም ይረዳ ይሆናል፤ ሐኪም ያልከለከላት ሴት በሳምንት 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ለብዙ ነገር ይጠቅማታል።

ፍራፍሬው ሳይበቃ ሲቀር

ፍራፍሬውም፣ ውሃውም፣ ጥራጥሬውም ተሞክሮ ካልሆነ መድኃኒት መጠየቅ ነውር የለውም። ሲሊየም ወደ ደም አይገባም፤ ከብዙ ውሃ ጋር ይወሰዳል። ላክቱሎስ እና ማክሮጎል አንጀት ውስጥ ውሃ በመሳብ ይሠራሉ፤ የሚመጠጠው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ሐኪሞች በእርግዝና ያዝዟቸዋል። ሰና እና ቢሳኮዲል አንጀቱን የሚቀሰቅሱ ናቸው፤ ለአጭር ጊዜ፣ በባለሙያ ምክር። ከቤት መድኃኒቶች ሁሉ መወገድ ያለበት የጉሎ ዘይት ነው፤ ማህፀን ሊያኮማትር ይችላል።

አንዳንድ ምልክት ደግሞ ፕለም ተበልቶ አይጠበቅም። ጠንካራ የሆድ ሕመም፣ ጋዝ እንኳን አለመውጣት ከማስመለስ ጋር፣ ትኩሳት፣ ከሰገራ ጋር የሚወጣ ደም። ደሙ ከኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ ግን ሐኪም ያረጋግጠው። ብረት ሳትወስድ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚጣበቅ ከሆነም በቶሎ መታየት አለባት። እየመጣ የሚሄድ፣ ሰዓት የጠበቀ የሚመስል የታችኛው ሆድ ቁርጠት «ሆዴ ስለደረቀ ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። ከ37 ሳምንት በፊት ከሆነ ያለጊዜው የመጣ ምጥ ሊሆን ይችላል።

ከወሊድ በኋላም ጉዳዩ ወዲያው አያበቃም። የተሰፋች ሴት መውጣት ትፈራለች፤ ፈርታ ትይዘዋለች፤ የተያዘው ይደርቃል። ኮዴይን ያለበት የሕመም ማስታገሻ ከተሰጣት ይጨምርባታል፤ ብረቱም አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላል። የምታጠባ ከሆነ ውሃ ከድሮው በላይ ይጠማታል። የተዘፈዘፈው ፕለም፣ ኪዊው፣ ፒሩ ያኔም ይሠራሉ፤ ላክቱሎስና ማክሮጎልም ለምታጠባ እናት ይታዘዛሉ። ወደ ማዋለጃ ክፍል ስትሄድ በቦርሳዋ ከሕፃኑ ልብስ ጋር አንድ ጥቅል የደረቀ ፕለም የምትይዝ ሴት ቀድማ አስባበታለች።